ማስት ሃቭ፣ ማይት ሃቭ ወይስ ካንት ሃቭ? ያለፈን ነገር በእንግሊዝኛ ስንገምት የቱን እንምረጥ

ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ስብሰባ ነበረን። አንዷ ባልደረባችን አልመጣችም፤ ስልኳም ዝግ ነው። አለቃችን የውጭ ዜጋ ነበር። የት እንደገባች በኢሜይል ጠየቀኝ። እኔም በሙሉ ልብ «ሺ ሃድ ቱ ፎርጌት ዘ ሚቲንግ» ብዬ ላክኩ። «ረስታው መሆን አለበት» ማለቴ ነበር። መልሱ ባንድ መስመር መጣ፦ «ማን አስገደዳት?»

ቢሮው ለሳምንት ሳቀብኝ። ለካ የጻፍኩት «ስብሰባውን መርሳት ግዴታ ሆኖባት ነው» የሚል ነበር። ትክክለኛው «ሺ ማስት ሃቭ ፎርጎትን» ነው።

ለዚህ ስህተት እንግሊዝኛውን ብቻ መውቀስ አይቻልም። አማርኛችን «አለበት» የምትለዋን ቃል ለሁለት ሥራ ያሰማራታል። «መሄድ አለበት» ግዴታ ነው። «ሄዶ መሆን አለበት» ግምት ነው። እንግሊዝኛም በ«ማስት» ያንኑ ያደርጋል። ጣጣው የሚመጣው ወሬው ያለፈ ጊዜ ላይ ሲደርስ ነው። እዚያ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ግዴታው በ«ሃድ ቱ» ይሄዳል፣ ግምቱ በ«ማስት ሃቭ»። እኔ መታጠፊያውን ስቼ ነበር።

ትምህርት ቤት ብዙዎቻችን ማስት መቶ በመቶ፣ ማይት ሃምሳ፣ ካንት ዜሮ የሚል ሰንጠረዥ አይተናል። ለፈተና አይከፋም። ሰው ሲያወራ ግን ፐርሰንት አያሰላም። የሚያየው እጁ ላይ ያለውን ማስረጃ ነው። ስለዚህ ምርጫውን ከሰንጠረዡ ሳይሆን ከማስረጃው ብንጀምር ይሻላል እላለሁ።

ጀበናው ገና ይሞቃል

አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ እናቴ ቤት ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ቤት ውስጥ ሰው የለም። ረከቦቱ ላይ ሦስት ሲኒ ተቀምጧል። ጀበናውን ስነካው ይሞቃል። ሁለቱ ሲኒዎች ተጠጥተው አልቀዋል፤ ከነሱ በአንዱ ሥር የስኳር ዝቃጭ ቀርቷል። ሦስተኛው ግን እንደተሞላ ቀዝቅዟል። እናቴ ደግሞ ቡናዋን ያለ ስኳር ነው የምትጠጣው።

ይህን ሁሉ አይቼ መጀመሪያ ለራሴ ያልኩት «ቡና ተፈልቷል ማለት ነው» ነው። ልብ በሉ፣ ሲፈላ አላየሁም። ግን ጀበና በራሱ አይሞቅም። በእንግሊዝኛ «ሰምባዲ ማስት ሃቭ ሜድ ኮፊ» ይሆናል። ቀጥሎ ስኳሩን አየሁ። «እንግዳ መጥቶባታል ማለት ነው።» ይህም «ሺ ማስት ሃቭ ሃድ ኤ ጌስት» ነው።

ማስት ሃቭን ብዙ ጊዜ «መሆን አለበት» ብለን ነው የምንተረጉመው። ልክ ነው። ግን በአፋችን ላይ ይበልጥ የምትቀርበው «ማለት ነው» ናት። «አልበላሽም ማለት ነው»፣ «ተኝተዋል ማለት ነው»፣ «መብራት ጠፍቶ ነበር ማለት ነው»። ምልክት አይተን፣ ደምረን፣ ድምዳሜ ላይ ስንደርስ የምንላት ናት። ማስት ሃቭም ሥራው ይኸው ነው። መፈተኛ ከፈለጋችሁ ከዓረፍተ ነገሩ ፊት «ስለዚህ» የምትለዋን አስገቡ። ጀበናው ይሞቃል፣ ስለዚህ ቡና ተፈልቷል። ከተስማማ ማስት ሃቭ ነው።

እንግዳው ማን ነው? እዚህ ላይ መረጃዬ ሳሳ። አክስቴ በስኳር ትጠጣለች። የታችኛዋ ጎረቤታችንም እንዲሁ። «ማይ አንት ማይት ሃቭ ካም።» አክስቴ መጥታ ይሆናል፤ ወይም ደግሞ ጎረቤታችን። ማይት ሃቭ «ወይም ደግሞ» የምትል ጭራ ሁልጊዜ ታስከትላለች። ሌላ አማራጭ አእምሯችሁ ውስጥ ካለ ማስት ሃቭን ተዉት።

ወንድሜስ? እሱም ስኳር ይወዳል። ግን ከአንድ ሰዓት በፊት ከሐዋሳ ደውሎልኛል። 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአንድ ሰዓት እንዴት ሆኖ! «ማይ ብራዘር ካንት ሃቭ ካም።» እሱማ ሊሆን አይችልም። ያቺ «ማ» የምትል ቅጥያችን ከካንት ሃቭ ጋር ጥሩ ወዳጅ ናት።

ሦስቱ ዋና ምርጫዎች እነዚህ ናቸው፦ «ስለዚህ»፣ «ወይም ደግሞ»፣ «እንዴት ሆኖ!»። ሦስተኛው ሲኒ እንቆቅልሽ ሆኖብኝ ቁጭ አልኩ። እሱን ቆይተን እንመለስበታለን።

«ሳይ… አይቀርም» የት ይመደብ?

ይህ አማርኛ ተናጋሪን ብቻ የሚያስቸግር ጥያቄ ነው፤ እንግሊዝኛው መጽሐፍ አያነሳውም። «ሳትረሳው አትቀርም» ስንል ከ«ረስታው ይሆናል» በረታ እንላለን። ከ«ረስታዋለች ማለት ነው» ግን ትንሽ እንለሰልሳለን። ብዙ ሰው ወደ ማስት ሃቭ ይወስደዋል። እኔ ግን ለአብዛኛው ጊዜ ተራውን «ሺ ፕሮባብሊ ፎርጎት» እመርጣለሁ። ሞዳል (እንደ ማስትና ማይት ያለ አጋዥ ግስ) ግድ አይደለም። እንግሊዞቹም ሲያወሩ «ፕሮባብሊ»ን አይቆጥቡም።

ሌላም ምክንያት አለኝ። «ሳይ… አይቀርም» ወደፊትም ይሄዳል። «ነገ ሳትመጣ አትቀርም» እንላለን። ይህን «ሺ ማስት ካም ቱሞሮ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ሴትዮዋን ነገ በግድ ጠርታችኋታል። ፕሮባብሊ ግን ላለፈውም ለሚመጣውም ይሠራል፤ አያሳፍርም።

ሜይ፣ ማይት፣ ኩድ

ለግምት ሲሆን ሦስቱ ከሞላ ጎደል አንድ ናቸው። «ሺ ሜይ ሃቭ ሌፍት»፣ «ሺ ማይት ሃቭ ሌፍት»፣ «ሺ ኩድ ሃቭ ሌፍት» ሁሉም «ሄዳ ሊሆን ይችላል» ነው። በንግግር ማይት ሃቭን ብትይዙ ብዙ ቦታ ያደርሳችኋል።

አንድ ቦታ ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ። መኪና ሊገጨው ለጥቂት የተረፈ ሰው አለ እንበል። «ሂ ማይት ሃቭ ዳይድ» ካላችሁ «ሊሞት ይችል ነበር፣ ግን ተርፏል» የሚል ስሜት ይሰጣል። «ሂ ሜይ ሃቭ ዳይድ» ካላችሁ ግን ጠንቃቃ አንባቢ «ሞቶ ይሆናል፣ ገና አላወቅንም» ብሎ ነው የሚረዳው። ዛሬ ብዙ ሰው ሁለቱን ያደባልቃል። እናንተ ግን ከውጭ አገር ለቤተሰብ መልእክት ስትልኩ አታደባልቁ። በአንዲት ሜይ ምክንያት ሰፈር ውስጥ ድንኳን እንዳይተከል።

ኩድ ሃቭ ደግሞ ሁለት ፊት አላት። «ሺ ኩድ ሃቭ ኮልድ» አንድም «ደውላ ሊሆን ይችላል» ነው፤ ያልተነሳ ጥሪ ስታዩ የምትሉት። አንድም «መደወል ትችል ነበር እኮ!» ነው፤ ሳትደውል ቀርታ ስትቀየሟት። የሚለያቸው ድምፁና ሁኔታው ብቻ ነው። ማይት ሃቭም አልፎ አልፎ ይህን ቅያሜ ትይዛለች። «ዩ ማይት ሃቭ ቶልድ ሚ!» ማለት «ብትነግረኝ ምን ነበረበት!» ነው። እዚያ ላይ ግምት የሚባል ነገር የለም።

ጥያቄ ሲሆን ማስትም ሜይም ወደ ኋላ ይላሉ። «የት ሄዳ ይሆን?» ለማለት «ዌር ኩድ ሺ ሃቭ ጎን?» ነው። «ረስታው ይሆን?» ደግሞ «ኩድ ሺ ሃቭ ፎርጎትን?»። የእኛን «ይሆን?» ሰምታችሁ ኩድን አስቡ።

አሉታው ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል

ጠንቀቅ ብላችሁ አንብቡት፤ ትልቁ ወጥመድ እዚህ ነው።

ኩድ ሃቭ እና ማይት ሃቭ በአዎንታ እህትማማች ናቸው አልን። አሉታ ሲገባ ግን ይጣላሉ። «ማይት ኖት ሃቭ» ማለት «ላይሆን ይችላል» ነው። «ኩድንት ሃቭ» ማለት «ሊሆን አይችልም» ነው። መካከላቸው የሰማይና የምድር ልዩነት አለ።

አንዲት ገንዘብ ያዥ ብር ጎደለባት እንበል። ስለ እሷ በእንግሊዝኛ የምስክርነት ቃል ትሰጣላችሁ። «ሺ ኩድንት ሃቭ ቴክን ዘ መኒ» ካላችሁ «ወስዳው ሊሆን አይችልም» ብላችሁ ነጻ አወጣችኋት። «ሺ ማይት ኖት ሃቭ ቴክን ዘ መኒ» ካላችሁ ግን «ወስዳው ላይሆን ይችላል» ነው ያላችሁት። ወስዳም ይሆናል ማለት ነው! ወዳጅነታችሁ እዚያው ላይ ያበቃል።

ደስ የሚለው፣ አማርኛው መልሱን በእጁ ይዞታል። አሉታዋ የት እንደተቀመጠች ብቻ እዩ። «ላይሆን ይችላል» ውስጥ አሉታዋ «መሆን» ላይ ናት፤ መቻሉ አልተነካም። «ሊሆን አይችልም» ውስጥ ግን መቻሉ ራሱ ተዘግቷል። ኩድንት የሚዘጋው በር ይህ ነው። ካንት ሃቭ እና ኩድንት ሃቭ እዚህ ላይ አንድ ሥራ ነው የሚሠሩት፤ የቱንም ምረጡ።

«ማስት ኖት ሃቭ»ስ? እንግሊዝ አገር ተኮር የሆኑ መጽሐፍት የማስት ተቃራኒ ካንት ነው ብለው ያስተምራሉ፤ ማስት ኖት ሃቭን ያልፉታል። አሜሪካ ያላችሁ ግን በየቀኑ ትሰሙታላችሁ። በር አንኳኳችሁ፣ አልከፈተችም። አሜሪካዊው «ሺ ማስት ኖት ሃቭ ኸርድ ሚ» ይላል። እንግሊዛዊው «ሺ ካንት ሃቭ ኸርድ ሚ» ማለት ይቀናዋል።

እኔ የአሜሪካኖቹ ይመቸኛል። ምክንያቱም ሁለቱ ለእኛ ጆሮ የተለያዩ ናቸው። «አልሰማችኝም ማለት ነው» አንድ ነገር ነው። «እሷማ ሰምታኝ ሊሆን አይችልም» ሌላ ነው። የመጀመሪያው ከምልክት የተነሳ ድምዳሜ ነው፤ ማስት ኖት ሃቭ ቁልጭ አድርጎ ይይዘዋል። ሁለተኛው በር መዝጋት ነው። ለእንግሊዝ ፈተና የምትዘጋጁ ከሆነ ግን ካንት ሃቭን ያዙ፤ ማንም ነጥብ አይቀንስባችሁም። አንድ ነገር ብቻ፦ «ማስንት» ብላችሁ አታሳጥሩት። ማስንት ለአብዛኛው ጆሮ ክልከላ ነው።

«ነበረበት» ስንት ነው?

ወደ ኢሜይሌ ልመለስ። «መድረስ ነበረበት» የሚለው አማርኛ ቢያንስ ሦስት ነገር ይይዛል።

አንደኛው ግዴታ ነው፤ ሰውየውም ፈጽሞታል። «አውቶቡስ ስለጠፋ በእግሬ መሄድ ነበረብኝ።» ይህ «አይ ሃድ ቱ ዎክ» ነው፤ ሄጃለሁ። ሁለተኛው ወቀሳ ነው፤ ነገሩ አልተፈጸመም። «መደወል ነበረብህ!» ይህ «ዩ ሹድ ሃቭ ኮልድ» ነው፤ አልደወልክም። ሃድ ቱ ብትሉት ደውሏል ማለት ይሆናል። ወቀሳችሁ ወደ ዘገባ ተቀየረ።

ሦስተኛው ወደ ግምት የሚጠጋው ነው። «እስካሁን መድረስ ነበረበት።» በሰዓቱ ከተነሳ፣ መንገዱም ክፍት ከሆነ፣ አሁን ደርሷል ብለን እንጠብቃለን። እንግሊዝኛው «ሂ ሹድ ሃቭ አራይቭድ ባይ ናው» ነው። ከማስት ሃቭ ጋር አወዳድሩት። «ሂ ማስት ሃቭ አራይቭድ» ያለ ሰው ምልክት አይቷል፤ ለምሳሌ መኪናው በር ላይ ቆሟል። «ሂ ሹድ ሃቭ አራይቭድ» ያለ ሰው ያየው ሰዓቱን ብቻ ነው። ማስት ከምልክት፣ ሹድ ከዕቅድ ይነሳል። ሹድ ውስጥ ሁልጊዜ ትንሽ ስጋት አለች፦ «ታዲያ ለምን አልደወለም?»

ዊል ሃቭ የምትባልም አለች። «ዩል ሃቭ ኸርድ ዘ ኒውስ» ማለት «ወሬውን መቼም ሰምታችኋል» ነው። «መቼም» ስትሰሙ እሷን አስቡ። ካልፈለጋችሁ ተዉዋት፤ ያለሷም ይኖራል።

ድንቅነሽ በሞዳል ስትነገር

እነዚህ ቃላት ሥራ ላይ ሲውሉ ለማየት ስለ ቅሪተ አካል የሚጻፍ እንግሊዝኛ ማንበብ ጥሩ ነው። ሁሉ ነገር ያለፈ ነው፤ የዓይን ምስክር የለም። ያለው አጥንት ብቻ ነው።

ድንቅነሽ በ1967 ዓ.ም. ኅዳር ወር አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ ተገኘች። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ከአጽሟ 40 በመቶ ያህሉ ተገኝቷል። የጉልበቷና የዳሌዋ አጥንት ቆሞ ለመሄድ የተሠራ ነው። ስለዚህ «ሺ ማስት ሃቭ ዎክድ አፕራይት» ማለት ይቻላል። በሁለት እግሯ ትሄድ ነበር ማለት ነው። እኔ ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ብጽፈው ኖሮ «ሺ ሃድ ቱ ዎክ አፕራይት» ብዬ ድንቅነሽንም አስገድዳት ነበር።

ቁመቷ አንድ ሜትር ከትንሽ ነው። ልጅ ነበረች እንዴ? ለአቅመ አዋቂ ሲደርሱ የሚበቅለው የማሰቢያ ጥርሷ በቅሏል። «ሺ ካንት ሃቭ ቢን ኤ ቻይልድ።» ልጅማ ልትሆን አትችልም።

እንዴት ሞተች የሚለው ላይ ክርክር አለ። በፈረንጆቹ 2016 በኦስቲን የሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኔቸር በተባለው መጽሔት አንድ ጥናት አወጡ። በጆን ካፕልማን የተመራው ቡድን የአጥንቷን ስብራቶች በሲቲ ስካን አይቶ፣ ከከፍታ፣ ምናልባትም ከዛፍ ወድቃ ነው የሞተችው አለ። ድንቅነሽን ያገኛት ዶናልድ ጆሃንሰንን ጨምሮ ሌሎች አልተቀበሉትም። እንዲህ ያለ ስብራት ከሞት በኋላም፣ መሬት ውስጥ ተቀብሮም ይመጣል አሉ።

እኛ ከውጭ ሆነን ስንጽፈው የቱን እንምረጥ? «ሺ ማስት ሃቭ ፎልን» ካልን ከካፕልማን ጎን ቆመናል። «ሺ ካንት ሃቭ ፎልን» ካልን ደግሞ ማንም ያላረጋገጠውን አልን። እኔ «ሺ ሜይ ሃቭ ፎልን ፍሮም ኤ ትሪ» እላለሁ። ለሌላኛው ወገን ደግሞ «ዘ ቦንስ ኩድ ሃቭ ብሮክን አፍተር ዴዝ» እጨምራለሁ። ሁለቱም «ወይም ደግሞ» ያስከትላሉ።

ቅርጹ ላይ የሚያደናቅፉ ነገሮች

ሃቭ አትለወጥም። ሺም ሆነ ሂ ቢመጣ «ማስት ሃዝ» የሚባል የለም፤ «ማስት ሃድ»ም የለም። ከሃቭ በኋላ የሚመጣው ቪ ስሪ ነው። «ማስት ሃቭ ዌንት» ብሎ የማያውቅ እጁን ያውጣ። ትክክሉ «ማስት ሃቭ ጎን» ነው።

ሲናገሩ ሃቭን አትሰሟትም። ማስተቭ፣ ኩደቭ፣ ሹደቭ ትሆናለች። እንዲያውም ኩዳ፣ ሹዳ። በዚህ የተነሳ አፍ የፈቱበት ሰዎች ራሳቸው «ማስት ኦቭ» ብለው ይጽፋሉ። ብታዩት አትደናገጡ፣ አትኮርጁትም።

ስልካችሁ ሲጠፋ «ማይ ፎን ማስት ሃቭ ስቶለን» አትበሉ። ስልካችሁ ሌባ ሆነ። «ማስት ሃቭ ቢን ስቶለን» ነው። «ሰርቆ» እና «ተሰርቆ» በ«ተ» እንደሚለዩ ሁሉ፣ የእንግሊዝኛዋ «ተ» ቢን ናት።

ቢን ሌላም ሥራ አላት። ጠዋት ስትነሱ መሬቱ ከረጠበ «ኢት ማስት ሃቭ ሬይንድ» ማለት ትችላላችሁ፤ ዘንቧል ማለት ነው። ጎርፍ ካያችሁ ግን «ኢት ማስት ሃቭ ቢን ሬይኒንግ ኦል ናይት» ይሻላል። ሲዘንብ ነው ያደረው።

አጭር መልስ ስትሰጡም ሃቭን አትጣሏት። «ሄደች እንዴ?» ሲሏችሁ «ሺ ማስት ሃቭ» በሉ። «ሺ ማስት» ብቻ ካላችሁ «መሄድ አለባት» ሆነ።

ሦስተኛው ሲኒ

እናቴ ከአንድ ሩብ ሰዓት በኋላ ነጠላዋን እያስተካከለች ገባች። አክስቴን ታክሲ ድረስ ሸኝታ መመለሷ ነበር። ጎረቤታችን አልነበረችም ማለት ነው።

«ሦስተኛው ሲኒ የማን ነው?» አልኳት።

«ያንተ ነዋ! በስምንት ሰዓት እመጣለሁ አላልክም? አቦሉ እንዳያልፍህ ብዬ ቀዳሁልህ። እስካሁን መድረስ ነበረበት እያልን ስንጠብቅህ ቆየን።»

ሰዓቴን አየሁ። ዘጠኝ ተኩል ሆኗል።

ለካ ለእኔ ነበር የተቀዳው። «ለካ» ስትመጣ ሞዳል ሁሉ ዕቃውን ጠቅልሎ ይወጣል። ማስትም፣ ማይትም፣ ካንትም የለም። «ሺ ፖርድ ኢት ፎር ሚ።» ተራ ያለፈ ጊዜ ነው።

ቡናውን ቀዝቅዞም ጠጣሁት።